ባለ ቀፎውና መንታው

የእህቴ ልጅ የአውሮፕላን መካኒክ ነው። በቀደም ለት አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዞ መጣና አጠገቤ ተቀምጦ ሥዕል ያሳየኝ ጀመር። በዚያ በትልቁ ጦርነት እንግሊዞች ያበረሯቸው የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ናቸው። እያንዳንዱ ምን ያህል ቦምብ እንደሚሸከም፣ በሰዓት ስንት እንደሚበር፣ ከሄዱት መካከል ስንቱ እንዳልተመለሰ በሠንጠረዥ ተደርድሯል። እሱ ይህን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም ያነበንበዋል። "ይቺ ትሻላለች፣ ያቺ ግን አብራሪዎቹን ልጆች ጨርሳቸዋለች" ይለኛል። እኔም እንደ ወጉ ራሴን እየነቀነቅሁ ሳደምጥ ቆየሁና፣ አንድ ገጽ ሲገልጥ እጁን ያዝኩት።

"ይሄንን አውቀዋለሁ" አልኩት።

ሳቀብኝ። "አክስቴ ደግሞ! ይሄ እኮ እኔ ሳልወለድ ከሥራ የወጣ ነው።"

"አንተ ሳትወለድ ነው እኔ የማውቀው።"

ባለ አንድ ሞተር ነው፤ ክንፉ እስኪያስቅ ድረስ ረጅም ነው፤ ከክንፎቹ ሥር ደግሞ ሁለት ረጃጅም ድብልብል ነገሮች ተንጠልጥለዋል። መጽሐፉ ዌልስሊ ይለዋል። እኛ ባለ ቀፎው ነበር የምንለው። ጥቂት ገጽ አለፍ ብሎ ያለውን ባለ ሁለት ሞተር ብሌንሃይም ይለዋል፤ ያ ደግሞ የእኛ መንታው ነው። ስማቸውን ለማወቅ እስከ እርጅናዬ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ሠንጠረዡን ግን እኛም ሠርተነው ነበር፤ ኮልፌ፣ ጓሯችን ቁጭ ብለን፣ በባቄላ። የእህቴ ልጅ ቢያየው ኖሮ በሳቅ ይሞት ነበር። እኔን አያስቀኝም። ያንን ባቄላ የቆጠርነው ባሌን ለማትረፍ ነው።

ያኔ ኮልፌ ዛሬ የምታውቁት ኮልፌ አይደለም። ባሕር ዛፍ፣ የገብስ ማሳ፣ እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ጎጆ። ጣሊያን ከተማውን ከያዘ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። የእኛ ቤት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለነበረ፣ ጓሮ ቆመው ቁልቁል ሲመለከቱ ዛሬ ጦር ኃይሎች ከሚባለው ወዲያ ማዶ የጣሊያን የአውሮፕላን ሜዳ ወለል ብሎ ይታያል። አውሮፕላኖቹ ተደርድረው ሲያዩዋቸው ከዚያ ርቀት የተሰጣ ነገር ይመስላሉ። ባሌ እዚያ ነበር የሚሠራው። ወዶ አይደለም፤ የሠፈሩን ጎልማሳ ሁሉ መዝግበው ሲወስዱ እሱም ተወሰደ። ሥራው ድንጋይ መሸከምና ሜዳ መደልደል ነበር፤ እንግሊዝ ቦምብ መጣል ከጀመረ በኋላ ደግሞ ቦምብ የቆፈረውን ጉድጓድ መሙላት ሆነ።

ሕጉ እንዲህ ነበር። አንድ ሠራተኛ በወር ሁለት ቀን ቢቀር ካቦው አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ሦስተኛ ቀን የቀረ ግን "ከአርበኞች ጋር ነው" ተብሎ ይታሰራል፤ ከታሰረ በኋላ ደግሞ የት እንደ ደረሰ የሚነግርህ የለም። ስለዚህ የባሌ ዕድሜ በእነዚያ ሁለት ቀኖች ላይ የተንጠለጠለ መሰለን። የሚቀርባቸው ቀኖችና ቦምብ የሚጣልባቸው ቀኖች ከገጠሙ ይተርፋል፤ ካልገጠሙ በሚካኤል እጅ ነው።

ሚካኤልን ያነሳሁት ለወግ አይደለም። ባሌ የሚካኤል የስለት ልጅ ነው። እናቱ ከእሱ በፊት የወለደቻቸውን ሁሉ ቀብራ፣ "ይሄን ካቆየህልኝ በቀንህ እጁን ሥራ አላስነካውም" ብላ የተሳለችበት ነው። ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ባሌ እንጨት እንኳ አይፈልጥም ነበር። እናቱ ከሞተችም ወዲህ አላፈረሰውም። ከሁለቱ የመቅሪያ ቀኖች አንደኛዋ ሁልጊዜ የሚካኤል ነበረች፤ ሌላዋን ደግሞ እንደ ሁኔታው ይጠቀምባታል።

ቤቱ ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እሱ፣ እኔና አባቱ። አማቴ ንብ አርቢ ነበሩ። እግራቸው እንቢ ካላቸው በኋላ እንኳ ከቀፎዎቹ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ሰው ሥራ የፈቱ ይመስለዋል፤ እሳቸው ግን ይቆጥራሉ። አንድ ቀፎ ደኅና መሆኑን የሚያውቁት ጠዋት የወጡት ንቦች ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ በማየት ነው። ብዙ ወጥተው ጥቂት ከገቡ፣ "ይሄ ቀፎ ችግር ገጥሞታል" ይላሉ፤ ሲከፈት እውነት ሆኖ ይገኛል።

አውሮፕላኖቹ የመጡ የመጀመሪያው ቀን አማቴ እዚያው በርጩማቸው ላይ ነበሩ። እኔ ልብስ አሰጣለሁ። ድምፁ ከማዶ መጣ፤ የጣሊያኖቹን ድምፅ ለምደነዋል፤ ይሄ ሌላ ነው። ቀና ስል አምስት ናቸው። ሜዳው ላይ ጭስ ሲነሳ፣ እንግሊዝ መሆኑ ገባኝና እልል ልል አፌን ከፈትኩ። አፌ እንደተከፈተ ባሌ እዚያ መሆኑ ትዝ አለኝ። እልልታውም አልወጣ፣ ጩኸቱም አልወጣ፤ እንደ ጅል አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሬ ሁሉ እንደዚያው ሆነ። ነጻ የሚያወጡኝና መበለት የሚያደርጉኝ እነዚያው ሰዎች ናቸው። ማንን ልርገም? ማንን ልመርቅ?

ያን ለት ባሌ አቧራ ለብሶ በሰላም ተመለሰ። አማቴ እግሩን እስኪታጠብ እንኳ አልጠበቁትም።

"አምስት ሄደው ሦስት ነው የተመለሱት" አሉት። "ሁለቱ ቀርተዋል። ቀፎ የተሸከሙ ናቸው፤ ከክንፋቸው ሥር አይቼዋለሁ።"

"እኔ እኮ አባባ፣ መሬት ተኝቼ ነበር፤ ምን ብዬ ልቁጠር?"

ከዚያ ወዲህ አማቴ ሁለት ቅል ሰንጥቀው፣ አንዱን ለባለ ቀፎው፣ አንዱን ለመንታው አደረጉ። በላያችን አልፎ ለሄደ አውሮፕላን አንድ ባቄላ ይጥላሉ፤ ተመልሶ ሲያልፍ አንድ ያነሳሉ። ቅሉ ውስጥ የቀረው ያልተመለሰው ነው። ይህን ያደረጉት እብደት ይዟቸው አይደለም። የትኛው እንደሚጠፋ ካወቅን የትኛው መምጣት እንደሚያቆም እናውቃለን፤ ያንን ካወቅን ልጃቸው መቼ መቅረት እንዳለበት እናውቃለን፤ ይህ ነበር ሐሳባቸው። ምንም ማድረግ የማይችል ሰው ቢያንስ ይቆጥራል።

እየቆየን ስንሄድ ጠባያቸውን ለየን። ባለ ቀፎው ዝግ ይላል፤ ከሩቅ እያጓራ ይመጣል፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ ደግሞ ዝቅ ይላል። ጣሊያን እነዚያን ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊዎቹን እስኪያስነሳ ድረስ ሥራውን ሠርቶ ይሄዳል፤ ሲሄድ ግን ያባርሩታል። የእሱ ቅል ሁልጊዜ ባቄላ አያጣም። መንታው ፈጣን ነው። በጣም ከፍ ብሎ መጥቶ ጥሎ እብስ ይላል፤ ማንም አይደርስበትም። የመንታው ቅል ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን የሚጥለው የትም ይወድቃል፤ አንድ ጊዜ ወንዝ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ የሰው ገብስ ላይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሠራተኞቹ ምሳ የሚበሉበት ዛፍ ሥር፤ ደግነቱ ምሳ ሰዓት አልነበረም።

አንድ ማታ እራት ላይ ባሌን፣ "የትኛውን ትፈራለህ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"መንታውን" አለ ሳያመነታ። "ባለ ቀፎው የሚፈልገውን ያውቃል፤ አውሮፕላኖቹን ነው። ከነሱ ራቅ ካልኩ ምንም አልሆንም። መንታው ግን የት እንደሚጥል እሱ ራሱ አያውቅ፣ እኔ በምን አውቄ ልሽሽ?"

እንግዲህ ሂሳቡን አስቡት። ለባሌ የሚሻለው አውሮፕላን በውስጡ ላሉት ልጆች የሚብሰው ነው። በሰላም አገሩ የሚገባው ደግሞ እኛን የሚጨርሰው ነው። ጸሎቴ እንኳ ተምታታብኝ። "ባለ ቀፎውን ላክልን" ብዬ እጀምርና፣ ቅሉ ውስጥ የቀሩት ባቄላዎች ትዝ ሲሉኝ አንጀቴን ይበሉኛል፤ የሰው ልጆች ናቸው፣ እናት አላቸው። "መንታውን ላክልን" ብል ደግሞ በባሌ ላይ መፍረድ ነው። በመጨረሻ "አንተ ታውቃለህ" ብዬ እተኛለሁ። ጎረቤቶቻችን እንግሊዝ ያወጣናል እያሉ በሹክሹክታ ይደሰታሉ፤ እኔ ግን በሆዴ፣ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" እላለሁ። የእኔ ላም ደግሞ ከሰማይ ቦምብ ትጥላለች።

ስለዚያ ቅል የእህቴ ልጅ የነገረኝን እዚህ ላይ ልናገር። ታሪኩን ስነግረው አልሳቀም፤ ራሱን አከከና፣ "አክስቴ፣ ያልተመለሱት ሁሉ እኮ ወድቀው ላይሆን ይችላል። ተዋጊ ሲያባርራቸው በሌላ አቅጣጫ ዞረው ይሄዳሉ" አለኝ። አማቴ ንብ አርቢ ናቸው፤ ንብ በወጣችበት በር ነው የምትገባው። አውሮፕላን በኮልፌ መጥቶ በእንጦጦ በኩል ሊመለስ እንደሚችል ሦስታችንም አላሰብነውም። ስንቱ አገሩ ገብቶ ሻይ ሲጠጣ እኔ እዚህ አልቅሼለታለሁ።

ይህ ግን ቀላሉ ስሕተታችን ነው። ትልቁ የእኔ ነው።

አማቴ አውሮፕላን ይቆጥራሉ እንጂ ቀን አይቆጥሩም። ቀኑን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ የትኛው ቀን የማን በዓል እንደሆነ ከእኔ ራስ አይጠፋም። አንድ ጊዜ ባቄላ ስለቅም አንድ ነገር ገባኝ። በሚካኤል ቀን መጥተው አያውቁም። በማግስቱ መጥተዋል፣ በዋዜማው መጥተዋል፣ በገብርኤልም በማርያምም መጥተዋል፤ በአሥራ ሁለት ግን አንድም ቀን። ኅዳር ሚካኤልን አስታወስኩ፤ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሎ የዋለበት ቀን ነው፤ ለቦምብ ጣይ ከዚያ የተመቸ ቀን አይገኝም፤ ዝር አላሉም። ለአማቴ ነገርኳቸው። ብዙ አሰቡና፣ "እንግሊዝም ክርስቲያን ነው። መልአኩን ሳይፈራ አይቀርም" አሉ።

ዛሬ ሳስበው ፊቴን መሸፈን ያምረኛል። ፈረንጅ የእኛን አሥራ ሁለት በምን ያውቃል? እኛስ የእሱን ቀን እናውቃለን? ቆጠራው ለእሱ ሌላ ነው፤ በዓሉም ሌላ ነው። ያኔ ግን እግዚአብሔር ራሱ ምስጢር የገለጠልኝ ነበር የመሰለኝ። ደስታዬን አልችል ብዬ ባሌ ከሥራ እስኪመጣ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁት።

"በሚካኤል ቀን ለምን ትቀራለህ?" አልኩት።

"እንዴት ለምን? ስለቴን አታውቂም እንዴ?"

"በሚካኤል አይመጡም፤ ቆጥረነዋል። በማይመጡበት ቀን ቤት ትውልና፣ በሚመጡበት ቀን እዚያ ትገኛለህ። ቀኗን ለሌላ ጊዜ አስቀምጣት። ሁለት ቀን ይኖርሃል።"

"የእናቴን ስለት ላፍርስ?"

"እናትህ የተሳለችው እንድትኖርላት እኮ ነው" አልኩት።

ይህን ስል አልፎኝ ወደ ጓሮ ገባ። ከዚያ ወደ አባቱ ዞረ። "አባባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?"

አማቴ ቅሉ ውስጥ ያለውን ባቄላ በጣታቸው እያማሰሉ፣ "እውነቷን ነው። በሚካኤል አንድም አልቆጠርኩም" አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያን ማታ ከአፌ የወጣውን ሮጬ ብይዘው ምን ነበረበት።

ሚካኤል ደረሰ። ጠዋት ሲወጣ ደስተኛ ነበር፤ ከቦምቡ ወዲህ እንዲህ ቀለል ብሎት ሲሄድ አይቼው አላውቅም። "ዛሬስ ሰማይ ሰማይ ሳላይ እውላለሁ" አለኝ። እኔም ሳቅሁ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ አማቴ እጃቸውን አነሱ። "አንቺ፣ እስቲ ዝም በይ።" እኔ የምሰማው ነገር አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ሰማሁ። ባለ ቀፎዎቹ ዝቅ ብለው በአንድ በኩል፣ መንታዎቹ ከፍ ብለው በሌላ በኩል መጡ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። የማደርገው ጠፋኝ። ጓሮው መሐል ቆሜ ቀና ብዬ፣ "ሚካኤል ነው! ዛሬ ሚካኤል ነው እኮ!" እያልኩ ጮህኩባቸው። እጄን አወናጨፍኩ። የሚሰሙኝ ይመስል፣ አማርኛ የሚያውቁ ይመስል። በላዬ አለፉ። አማቴ ባቄላውን በጭብጣቸው ይዘው ቀርተዋል፤ አልጣሉም።

ሜዳው በጭስ ተሸፈነ። ያለ ነጠላ ወጥቼ ሮጥኩ። ቁልቁለቱን እንዴት እንደ ወረድኩ አላውቅም። የሜዳው በር ላይ ስደርስ ሌሎች ሴቶች ቀድመውኛል፤ ዘበኞቹ ጠመንጃ አጋድመው ቆመዋል። ለመንን፣ አለቀስን፣ መሬት ላይ ወደቅን፤ አንድ ቃል የሚነግረን አልተገኘም። ከሰዓት በኋላ ጠጠር የጫኑ መኪናዎች በአጠገባችን እያለፉ ወደ ውስጥ ገቡ። ጉድጓዱን እየሞሉ ነበር። አውሮፕላን መነሳት አለበት፤ ሰው ይቆያል። እስኪመሽ ቆሜ ባዶ እጄን ወደ ቤት ተመለስኩ፤ አማቴ እንደተውኳቸው ተቀምጠዋል።

በማግስቱ ካቦው በር ላይ ቆሞ ስም ጠራ። ከተጠሩት አንዱ የእሱ ስም ነበር። ሬሳ አልሰጡንም፤ ሜዳው ዳር አንድ ላይ ቀብረዋቸዋል፤ ቦታው ድረስ መሄድ ክልክል ነው ተባለ። ቤታችን ተቀምጠን ያለ መቃብር አለቀስን።

በሦስተኛው ቀን ከታች ሠፈር አንድ ሰው ለቅሶ ሊደርሰን መጣ። ከባሌ ጋር አንድ አካፋ የሚጋራ እስላም ወዳጁ ነበር። ለአማቴ "ያጽናዎት" ብሎ፣ ከተቀመጠበት ሲነሳ በዓይኑ ጠቀሰኝና ደጅ ተከትዬው ወጣሁ። ግድግዳውን ተደገፈ።

"ልንገርሽ አልንገርሽ እያልኩ ነው የመጣሁት" አለኝ። "የማስጠንቀቂያው ጥሩንባ ሲነፋ ሁላችንም ወደ መደበቂያው ቦይ ሮጥን። እሱ ግን አልሮጠም። አካፋውን ተደግፎ ቆመና ይስቅብናል። 'ምን ያስሮጣችኋል? ዛሬ ሚካኤል ነው፤ አልፈው ነው የሚሄዱ። እቤታችን ተቆጥሯል' ይል ነበር። ሁለት ልጆች እሱን አምነው ተመለሱ። እኔ እጁን ይዤ ጎትቼዋለሁ። እምቢ ሲለኝ ለቀቅሁትና ሮጥኩ። እኔ የሚካኤልን ቀን አልቆጥር።"

ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። እኔ አላለቀስኩም። ያን ለት ዓይኔ ምን እንደ ሆነ አላውቅም። ስለ ሁለቱ ልጆች ማን መሆናቸውን ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። የአንደኛውን እናት በመልክ አውቃት ነበር፤ ዕድሜ ልኬን መንገድ ላይ ሳያት መንገድ እቀይራለሁ።

እንግሊዝ በመጨረሻ ከተማው ገባ። ሰው ሁሉ እልል ሲል እኔም እልል አልኩ፤ ምን ላድርግ? ጣሊያን ወጣ፤ ይህ ደስታ ነው፤ ደስታውን አልክድም። ነገር ግን ሰማይ ላይ የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ቀና ብዬ እቆጥራለሁ።

አማቴ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ኖሩ። ቅሎቹን ምን እንዳደረጓቸው አላየሁም፤ ንቦቹንም ለሌላ ሰው ሰጡ። ልጃቸው ቆሞ እንደ ሞተ አያውቁም፤ ያ ወዳጁም ለእሳቸው አልነገራቸውም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁኝ ነበር። መጀመሪያ የጠየቁኝ ተዝካሩ በወጣ ማግስት ነው።

"የኔ ልጅ፣ እየሮጠ ነበር አይደል?"

"አዎ አባባ፣ እየሮጠ ነበር" አልኳቸው።

"እኔ ያልኩትን አምኖ አልቆመም?"

"እርስዎማ ምን አሉና ያምናል? እኔ ነኝ ያልኩት። እሱም አላመነኝም፤ ሮጠ።"

ደስ አላቸው። ከጥቂት ወር በኋላ ደግሞ ጠየቁኝ፤ ደግሜ ነገርኳቸው። በጠየቁኝ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ወደ ቦዩ አስጠጋዋለሁ። መጀመሪያ ሜዳው መሐል ነበር፤ በኋላ ከቦዩ ሃያ እርምጃ ላይ፤ ከዚያ አምስት እርምጃ ላይ። አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ፣ ድምፃቸው ሊጠፋ ትንሽ ሲቀረው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቁኝ።

"ደርሶ ነበር አባባ" አልኳቸው። "አንድ እግሩን ቦዩ ውስጥ አስገብቶ ነበር።"